ጉንፋንና ትኩሳት ሲይዝ፦ የቤት ዕፀዋት አዘገጃጀት፣ መጠንና ጥንቃቄ

ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ይህን ቫይረስ የሚገድል ቅጠል በጓሮም ሆነ በገበያ የለም። ሰውነት ራሱ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ታግሎ ያስወጣዋል፤ ሳሉ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ታዲያ ዝንጅብሉ፣ ጦስኙና ዳማከሴው ምን ይፈይዳሉ? የታፈነ አፍንጫን ከፈት ያደርጋሉ፣ የሚከረክር ጉሮሮን ያለሰልሳሉ፣ ሳል ያበርዳሉ፣ ምግብና ውሃ ያስጠላው ሰው ትኩስ ነገር ፉት እንዲልና እንቅልፍ እንዲወስደው ያግዛሉ። ለታመመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን በአግባቡ ሲዘጋጅ ነው። መፍላት የሌለበትን አፍልቶ መዓዛውን ማጥፋት፣ ቆይቶ መፍላት ያለበትን ለቅለቅ አድርጎ ማውጣት፣ አንድ ቅንጣቢ የሚበቃበትን በእፍኝ መጨመር፦ «ሞክሬው አልሠራልኝም» ወይም «ሆዴን አቃጠለኝ» የሚሉት ቅሬታዎች ባብዛኛው ከእነዚህ ይነሳሉ። ስለዚህ ከታች የተቀመጠውን መጠንና ደቂቃ አክብሩ።

በእርግጥ ጉንፋን ነው?

ቅጠል ከመቅጠፍ በፊት ይህ ጥያቄ መመለስ አለበት። ጉንፋን ብዙውን ጊዜ በማስነጠስና በጉሮሮ መከርከር ይጀምራል፤ ንፍጥ ይከተላል፤ በአዋቂ ሰው ላይ ትኩሳት ቢኖርም ዝቅ ያለ ነው። ንፍጥም ሳልም ሳይኖር ድንገት የሚነሳ ኃይለኛ ትኩሳት፣ የሚያንቀጠቅጥ ብርድ፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ከሆነ ግን ሌላ በሽታ መጠርጠር አለበት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች በሆነ አካባቢ የምትኖሩ፣ ወይም ባለፉት ሳምንታት ቆላ ወርዳችሁ የተመለሳችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚደረገው የወባ ምርመራ ነው። በጤና ኬላ ያለው ፈጣን መመርመሪያ ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤት ይሰጣል። ወባ እያለ ዳማከሴ እየጠጡ ሁለት ሦስት ቀን መጠበቅ ሕይወት ያስከፍላል። ተስቦ፣ ግርሻና የታይፎይድ ትኩሳትም ቢሆኑ በቅጠል አይድኑም። «አርቲሚሲያ» እየተባለ ለወባ የሚሸጠውን ደረቅ ቅጠልም በሻይ መልክ አፍልቶ መጠጣት የዓለም ጤና ድርጅት የማይመክረው ነው፤ በሻዩ ውስጥ የሚገኘው መድኃኒት መጠኑ ስለማይታወቅ ወባውን ሳይጨርስ ይተወዋል።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ቤት ውስጥ አትቆዩ፦

- ከሦስት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳቱ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ።
- ሕፃኑ ሳያለቅስ ትንፋሹ አንድ ሙሉ ደቂቃ ተቆጥሮ፣ ከ2 ወር በታች ላለ 60፣ ከ2 ወር እስከ አንድ ዓመት 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፤ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ። ይህ የሳንባ ምች ምልክት ነው።
- ሕፃኑ ጡት አልወስድም ካለ፣ የበላውን የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከደከመና ለማንቃት ካስቸገረ፣ ወይም ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ።
- አንገት ከገተረ፣ ብርሃን ካስጠላ፣ በሽተኛው ከቃዠ፣ ወይም ሽፍታ ከወጣ።
- የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለ።
- ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፤ ወይም ተሻለው ከተባለ በኋላ እንደገና ካገረሸ።

ስለ መለኪያ

በዚህ መመሪያ ውስጥ «ብርጭቆ» የሚባለው 200 ሚሊ ሊትር የሚይዘው የውሃ ብርጭቆ ነው፤ «ሲኒ» የቡና ሲኒ ነው፣ ወደ 75 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ማንኪያ ሲባል ልክክ ያለ እንጂ የተቆለለ አይደለም። ቅጠሉ ትኩስ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠብ። በተለይ ከገበያ የመጣ ጤና አዳምና ዳማከሴ አቧራው በቅጠሉ መገጣጠሚያ ውስጥ ስለሚደበቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማራገፍ ይሻላል።

የዝንጅብል ሻይ

ለጉሮሮ መከርከር፣ ለብርድ ብርድ ማለትና ለማቅለሽለሽ ከሁሉ ቀድሞ የሚያዘው ይህ ነው። ዝንጅብል ሥር በመሆኑ ጠንካራ ነው፤ ጣዕሙና ማሞቂያው የሚወጣው ሲፈላ ነው።

1. አውራ ጣት የሚያህል ትኩስ ዝንጅብል (ወደ 15 ግራም) ውሰዱ። ልጣጩን በማንኪያ ጠርዝ ፋቁት፤ በቢላ ከተላጠ ብዙው ሥጋ አብሮ ይሄዳል። በስሱ ቁረጡት ወይም በሙቀጫ ገጭ ገጭ አድርጉት።
2. ሦስት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ጣዱት። ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድና ትንሽ ቀረፋ መጨመር ይቻላል።
3. መፍላት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ፣ ክደኑት፣ 10 ደቂቃ በዝግታ ይንተክተክ።
4. አውርዳችሁ አጥልሉት። ከንፈር እስኪችለው ድረስ ይብረድ።
5. ከዚያ በኋላ በየብርጭቆው አንድ የሻይ ማንኪያ ማርና የሩብ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ።

ይህ የአንድ ቀን መጠን ነው፤ ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ አንዳንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ትኩስ ዝንጅብል ከሌለ አንድ የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት ይተካዋል፤ ዱቄት ሲሆን አምስት ደቂቃ ማፍላት ይበቃል።

የሚበላሸው የት ነው? ሎሚውን ከነልጣጩ አብሮ ማፍላት ሻዩን ያመረዋል። ማሩን እሳት ላይ እያለ መጨመር ማሩን መርዝ ባያደርገውም መዓዛውን ያጠፋዋል፤ ጥሩ ማር ደግሞ ውድ ነው። «ይበርታ» ብሎ ዝንጅብሉን እጥፍ ማድረግ ጉንፋኑን አያፋጥነውም፣ ቃር ግን ያመጣል። ጨጓራ ያለበት ሰው ዝንጅብሉን በግማሽ ቀንሶ፣ ሎሚውን ትቶ፣ ከምግብ በኋላ ይጠጣው። ማታ ሻይ ቅጠል ባይጨመርበት ይመረጣል፤ የበሽተኛው ዋና መድኃኒት እንቅልፍ ነውና። ደም ማቅጠኛ (ለምሳሌ ዋርፋሪን) የሚወስድ ሰው ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርትን ምግብ ላይ ከሚገባው በላይ ሐኪሙን ሳይጠይቅ መውሰድ የለበትም።

ለደረቅ ሳል ማር ብቻውንም ይበቃል። ከመኝታ በፊት ለአዋቂ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ላለፈ ልጅ ግማሽ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ሌሊቱን የሚያስነሳውን ሳል ይቀንሳል። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ግን ማር በምንም መልኩ፣ በጣት ጫፍም ቢሆን፣ በሻይ ተበጥብጦም ቢሆን አይሰጥም። በማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የቦቱሊዝም ተሕዋስ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያሽመደምድ መርዝ ያመነጫል፤ ማፍላት ዘሩን አይገድለውም። ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ከእናት ጡት በቀር ውሃም፣ የጤና አዳም ፍትፍትም፣ ቅቤም አይገባም። አፍንጫው ከታፈነ ትንሽ ጨው የተጨመረበት ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ (ለአንድ ብርጭቆ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው) ሁለት ጠብታ ማንጠባጠብና ጡት ቶሎ ቶሎ ማጥባት ነው የሚረዳው።

ጦስኝ

ጦስኝ በመንዝ፣ በጣርማ በርና በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች ሜዳ ላይ ተነጥፎ የሚበቅል፣ ቅጠሉ ደቃቃ፣ ሽታው ሩቅ የሚጣራ ተክል ነው። ለሳልና ለደረት ከሌሎቹ ይልቅ የምናስቀድመው እሱን ነው። ሽታውን የሚሰጡት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይቶች አክታን ያላላሉ፣ ጉሮሮንም ያጸዳሉ። ዘይቶቹ በእንፋሎት በቀላሉ ስለሚበንኑ ጦስኝን እንደ ዝንጅብል ማንተክተክ ትልቅ ስህተት ነው፤ ቤቱ በመዓዛ ይሞላል፣ ብርጭቆው ውስጥ የሚቀረው ግን መራራ ውሃ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ጦስኝ (ትኩስ ከሆነ ሁለት) ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ፤ ገና የፈላ ውሃ አፍሱበት፤ ወዲያው በሾርባ ሳህን ክደኑት፤ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ። ክዳኑን ስታነሱ ውስጡ ላይ የተጠራቀመውን ጠብታ መልሳችሁ ብርጭቆው ውስጥ አራግፉት፤ ዘይቱ ያለው እዚያ ነው። አጥልሎ፣ ማር ጨምሮ፣ በቀን ሦስት ጊዜ መጠጣት ነው። ጉሮሮው ለቆሰለ ሰው ያንኑ ሻይ ለብ ሲል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ መጉመጥመጥም ይቻላል፤ ይህኛው ይተፋል እንጂ አይዋጥም።

ሲገዙ በመዳፍ አሽት አድርጎ ማሽተት ነው። ወዲያው ካልሸተተ አርጅቷል። የጠቆረና እርጥበት እርጥበት የሚል ከሆነ ሻጋታ ይዞታል፣ ይተው። ከሜዳ የምትለቅሙ ደግሞ እባካችሁ ከሥሩ አትንቀሉት፤ የላይኛውን ቅርንጫፍ በመቀስ ቁረጡት። ቀስ ብሎ የሚያድግ ተክል ስለሆነ የተነቀለበት ሜዳ ቶሎ አያገግምም። የሚደርቀውም በጥላ ስር ተዘርግቶ ነው፤ ፀሐይ ዘይቱን ታበነዋለች።

የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ከውጭ የገባ ዛፍ ነው፤ ዛሬ ግን ለአፍንጫ መታፈን ከሁሉ በፊት የሚታሰበው የእሱ ቅጠል ሆኗል። ለዚህ የሚመረጠው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ለጋ ቅጠሉ ሰፋ ያለና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ፣ የበሰለው ደግሞ እንደ ማጭድ የተቆለመመ ነው። ሁለቱም ይሠራሉ። ከመኪና መንገድ ዳር ያለውን ተዉት።

1. ከ15 እስከ 20 ቅጠል አጥባችሁ ሁለት ሦስት ቦታ ቅደዱት።
2. ሁለት ሊትር ውሃ ብቻውን አፍሉ። ሲፈላ እሳቱን አጥፉ፤ ቅጠሉን ጨምራችሁ ክደኑት፤ አምስት ደቂቃ ይቆይ።
3. ድስቱን ከምድጃው አውርዳችሁ በማይነቃነቅ ጠረጴዛ ወይም በወለል ላይ፣ ከስሩ ጨርቅ አንጥፋችሁ አስቀምጡት።
4. በሽተኛው ተቀምጦ፣ ፊቱን ከውሃው ሁለት ስንዝር ያህል አርቆ፣ ፎጣ ወይም ነጠላ ተከናንቦ ዓይኑን ይጨፍን።
5. በአፍንጫ ቀስ ብሎ ይሳብ፣ በአፍ ይወጣ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። በመሃል ቀና ብሎ ንጹሕ አየር መሳብ ጥሩ ነው።
6. ሲጨርስ ፊቱንና አንገቱን አድርቆ፣ አፍንጫውን ተናፍጦ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከውጭ ብርድ ይታቀብ።

በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ከመኝታ በፊት ማድረግ ነው። ብዙ ሰው ይህን ካደረገ በኋላ አፍንጫው የሚከፈተው ለሰዓት ወይም ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሊተኛ ሲል ቢያደርገው እንቅልፍ ለመያዝ ይበቃዋል።

እዚህ ላይ ጉዳት የሚያደርሱ ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው ቃጠሎ ነው፦ ድስቱን ጭን ላይ ወይም አልጋ ላይ አድርጎ መታጠን ለሚደፋ የፈላ ውሃ ይዳርጋል። ስለዚህ ልጆች በዚህ መንገድ አይታጠኑም፤ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥም ሲደረግ ድስቱ ያለ ጠባቂ አይተውም። ሁለተኛው ከሰል ነው። ድስቱን በከሰል ምድጃ ላይ እንዳለ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መታጠን የከሰሉን ጋዝ መሳብ ነው፤ ሽታ ስለሌለው ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ሦስተኛው አስም ነው፤ ጠንካራ ሽታ ሳንባውን ሊያጣብቅበት ስለሚችል አስም ያለበት ሰው ቅጠሉን ትቶ በባዶ ውሃ እንፋሎት ይጠቀም፤ እሱም ካሳለው ወዲያው ያቁም። የታጠኑበትን ውሃ ወይም የባሕር ዛፍ ዘይት መጠጣት ክልክል ነው። ዘይቱ በጥቂት መጠን እንኳን ልጅን ይመርዛል።

ዳማከሴና ምች

በየጓሮው አጥር ሥር የሚበቅለው ዳማከሴ የበሶብላ ዘመድ ነው፤ ግንዱ አራት ማዕዘን፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩን እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ትኩሳትንና ሕመምን የመቀነስ ባሕርይ ታይቶበታል። በሰው ላይ የተለካ መጠን ግን አልወጣለትም፤ ስለዚህ ጥቂት መውሰድና ቶሎ ማቆም ነው መርሑ።

አዘገጃጀቱ እንዲህ ነው። ለጋ የሆኑትን የጫፍ ቅጠሎች አንድ ጭብጥ ቅጠፉ፤ የታች ቅጠል ወፍራምና አፈር የበዛበት ነው። አጥባችሁ ውሃውን አራግፉ። በንጹሕ መዳፍ መካከል አድርጋችሁ እስኪረጥብ ድረስ እሹት፤ መጀመሪያ ቀላል አረንጓዴ አረፋ ይወጣል፣ ቆየት ሲል ጥቁር አረንጓዴ ጭማቂ በጣቶች መካከል መንጠብጠብ ይጀምራል። ያን ጊዜ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ ሲኒ ላይ ጭመቁት። ከአንድ ጭብጥ አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ይወጣል። ለአዋቂ አንድ የሻይ ማንኪያ ጭማቂ በአንድ ሲኒ ትኩስ ቡና ውስጥ ጨምሮ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ለሦስት ቀን መጠጣት ይበቃል። ዝቃጩን ግንባር፣ አንገትና ደረት ላይ መቀባትና ሽታውን መሳብ የተለመደ ነው፤ ለብዙ ሰው እረፍት የሚሰጠውም ይኸው ነው። ጭማቂው ወዲያው ይጠጣ። ለነገ ብሎ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ይቦካል። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ልጅ አይጠጡትም።

ምች ከትኩሳት ጋር ከንፈር ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲያወጣ ሄርፐስ በሚባል ቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ አንዴ ከገባ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ የሚቀሰቅሱት ደግሞ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ፀሐይና ድካም ናቸው። «ፀሐይ ላይ ወጥቶ ምች መታው» የሚለው የአባቶች ምልከታ ከዚህ ጋር ይገጥማል። በከንፈር ቁስሉ ላይ ዳማከሴ የሚቀባ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ ዓይኑን አይንካ፤ ቁስሉ ወደ ዓይን ከተጠጋ ወይም ዓይን ከቀላ ዕለቱን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። ምች ያለበት ሰው አራስ ቤት ገብቶ ሕፃን መሳም የለበትም። ይህ ቫይረስ በአራስ ሕፃን ላይ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

ጤና አዳም፦ አንድ ቅንጣቢ

ጤና አዳም በቡናና በሻይ ውስጥ ስለለመድነው የማይጎዳ ይመስለናል። በቅንጣቢ መጠን ለአዋቂ ምንም አይልም፦ የሁለት ጣት ወርድ ያህል ቅርንጫፍ ሲኒ ቡና ወይም ብርጭቆ ሻይ ውስጥ ነክሮ፣ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ማውጣት። በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። ጨምቆ ጭማቂውን መጠጣት፣ በጭብጥ ቀቅሎ መጠጣት፣ ወይም ፍሬውን አብዝቶ መፍጨት ግን ሆድ ያቆስላል፣ ጉበትና ኩላሊትን ይጎዳል። ማሕፀንን ስለሚያኮማትር ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ መውሰድ የለባትም። በቆዳ ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘውም ውሃ የሚቋጥር ቃጠሎ ይተዋል፤ ቅጠሉን በብዛት የለቀመ ሰው እጁን ታጥቦ ነው ፀሐይ ላይ መውጣት ያለበት።

ሌሎቹ

ጥቁር አዝሙድ ለታፈነ አፍንጫ ቀላልና ጥሩ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ በደረቅ ምጣድ ላይ ሽታው እስኪነሳ፣ ማለትም ሁለት ደቂቃ ያህል አመስ አድርጋችሁ፣ በሙቀጫ ገጭ አድርጋችሁ፣ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ቋጥሩት። ቋጠሮውን በመዳፍ እያሹ ማሽተት ነው። ዱቄቱ ራሱ ወደ አፍንጫ መግባት የለበትም። ሽታው ሲደክም እንደገና በመዳፍ ማሸት ይቀሰቅሰዋል።

ነጭ ሽንኩርት አንድ ወይም ሁለት ፍንካች ተፈጭቶ ወይም ተከትፎ አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ ኃይለኛ ሽታውን የሚሰጠው አሊሲን የሚፈጠረው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ወዲያው እሳት ላይ ከተጣለ አይፈጠርም። ከማር ጋር በእንጀራ ወይም በዳቦ ይበላ። በባዶ ሆድ ያቃጥላል።

ፌጦ በስሱ ተፈጭቶ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃና በሎሚ በጥብጦ፣ ከምግብ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ። ጨጓራ ላለበትና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሊጥ አድርጎ ሰውነት ላይ ለጥፎ ማደርም ቆዳ ያሳብጣል።

ቀበርቾን ስለ ማጤስ የምንለው አጭር ነው፦ ጭስ ለሚያስል ሰው ሳንባ አይመከርም፤ ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ጨርሶ አይጤስ።

ትኩሳቱን ራሱን መንከባከብ

በሽተኛውን በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ፣ መስኮት ዘግቶ «ያልበው» ማለት ትኩሳቱን ያባብሳል፣ ሰውነቱንም ያደርቃል። ብርድ ብርድ ሲለው መልበስ፣ ሙቀቱ ሲነሳ ማቅለል ነው። ልጅ ከሆነ ስስ ልብስ ይበቃዋል። በአረቄ ወይም በአልኮል ገላ ማሸት ለልጅ አደገኛ ነው፤ በቆዳ ይገባል፣ በትንፋሽም ይሳባል። በረዶ ውሃም ሰውነትን አንቀጥቅጦ ሙቀቱን ይጨምራል።

ዋናው መጠጥ ነው። ሽንቱ ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውሃ አንሶታል ማለት ነው፤ ወደ ገለባ ቀለም እስኪመለስ ድረስ በየግማሽ ሰዓቱ ግማሽ ብርጭቆ ይስጡት። ተቅማጥ ወይም ትውከት ካለ በሕይወት አድን ንጥረ ነገር ፓኬት ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ተበጥብጦ ይሰጥ። ለምግብ አጥሚት ያህል የሚስማማ የለም፦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የአጃ ወይም የገብስ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ የተጓጎለው እስኪጠፋ በጥብጡ፤ ሦስት ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰላችሁ አፍስሱ፤ በዝግታ 15 ደቂቃ ይብሰል። ጨውና ትንሽ ቅቤ ይጨመርበት። ዱቄቱ በቀጥታ የፈላ ውሃ ውስጥ ከተጨመረ ይጓጉላል፤ ሳይበስል ከወረደም ሆድ ይነፋል።

ትኩሳቱ ካስቸገረ ፓራሲታሞል ከዕፀዋቱ ጎን መውሰድ ይቻላል። ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት ባለ 500 ሚሊ ግራም እንክብል በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት እንክብል ሳያልፍ። ለልጅ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ግራም ማለት ነው፣ በቀን ከአራት ጊዜ ሳይበልጥ። የሽሮፖቹ ጥንካሬ ስለሚለያይ ጠርሙሱ ላይ በ5 ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ አንብቡ። ለጉንፋን የሚሸጡ ብዙ ቅልቅል እንክብሎች ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ፤ ደርቦ መውሰድ ጉበት ይጎዳል፤ አረቄ ከታከለበት ይብሳል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥ። የተረፈ አሞክሳሲሊን ፈልጎ መዋጥም ለጉንፋን አይጠቅምም፤ ጸረ ባክቴሪያ ቫይረስ ላይ አይሠራምና።

ማስቀመጥና መትከል

የደረቀ ጦስኝና ዝንጅብል በጠርሙስ ተከድኖ፣ ብርሃን ከማያገኘው ቦታ ሆኖ፣ አንድ ዓመት ይቆያል። ጠርሙሱ ላይ የገባበትን ቀን ጻፉበት። ዳማከሴ አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ የታች ቅጠሎቹ ተነቅለው፣ ጥላ ባለበት እርጥብ አፈር ውስጥ ሲተከል ሥር ይሰዳል። ጤና አዳም ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ይወዳል፤ ውሃ ከበዛበት ከሥሩ ይበሰብሳል።

ውጭ አገር ያላችሁ በየሱቁ በደረቁ የሚሸጠውን ታይም በጦስኝ ቦታ በዚያው መጠንና ደቂቃ መጠቀም ትችላላችሁ፤ የቅርብ ዘመዱ ነው። በእስራኤል ጤና አዳም ፔጋም ተብሎ ይሸጣል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የችግኝ መሸጫዎች የሚገኘው ሩታም የቅርብ ዘመዱ ስለሆነ ከላይ የተጻፈው ጥንቃቄ ሁሉ ይመለከተዋል።

ሕመሙ ብሶ ወደ ጤና ጣቢያ ከሄዳችሁ የወሰዳችሁትን ቅጠል፣ ስንት ጊዜና በምን ያህል መጠን እንደሆነ፣ ፓራሲታሞል ከተወሰደም የመጨረሻውን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩ። ስሙን የማታውቁት ቅጠል ከሆነ አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።